ባለኮምፒዩተር የእንጨት መቅረጫ መኪና በእጅ ሥራ ትምህርት ውስጥ የሚኖረው ቦታ
(ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና የምዕራብ ጎጃምን ገጠር በምሳሌነት በመውሰድ)

መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የእንጨት ሥራ ከእርሻ ተነጥሎ የሚታይ ሙያ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍና ድግር፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ቀፎ፣ ገበታ፣ በርጩማ፣ የበርና የመስኮት መቃን፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚውሉት አትሮንስና መቋሚያ ሁሉ ከጓሮ ወይም ከማሳ ዳር ከተገኘ ዛፍ በመጥረቢያ፣ በምሳርና በመሮ እየተጠረቡ የሚወጡ ናቸው። የገበሬው ልጅ ፊደል ሳይቆጥር አባቱ ሞፈር ሲጠርብ ያያል፤ የትኛው እንጨት እንደሚተጣጠፍ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ምስጥ እንደማይደፍረው ከጨዋታ ጋር ይማራል። ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ በእጁ የሚያውቀው እንጨት በደብተሩ ላይ ከሚጽፈው ሒሳብ ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ክፍተት ለመሙላት ሊረዳ የሚችል አንድ መሣሪያ ዋጋውም መጠኑም እየቀነሰ መጥቷል። ይኸውም በኮምፒዩተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ፣ በተራ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ትንሽ መኪና ነው። በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች የሚገኙ የቤት ዕቃ አምራቾች የዚህኑ መኪና ትልቁን ዓይነት ለበር፣ ለአልጋ ራስጌና ለቁም ሣጥን ጌጥ ይገለገሉበታል፤ በተለምዶም «ሲ.ኤን.ሲ.» ይሉታል። ትንሹ ዓይነት ግን በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወርክሾፕና በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሊሠራበት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የመኪናው አሠራር፣ ለአካባቢው እንጨት ያለው አግባብነትና ከሁሉም በላይ በትምህርት ውስጥ ከእጅ ሥራ በፊት ወይስ በኋላ መምጣት እንደሚገባው በቅደም ተከተል ይብራራል።

1. የመኪናው አመጣጥ

የዚህ ዓይነቱ መኪና አሳብ የተጀመረው ለእንጨት ሳይሆን ለብረት ነበር። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የሔሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽን በቁጥር ተመርቶ በሚቆርጥ መኪና ለመሥራት ያቀረበው አሳብ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጠንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. የመጀመሪያው በቁጥር የሚታዘዝ መኪና ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ ትእዛዙ የሚተላለፈው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ሲሆን፣ የመቈጣጠሪያው ክፍል ብቻውን አንድ ክፍል የሚሞላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር እያነሰና እየረከሰ ሲሄድ መኪናውም አብሮት አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና የተመሠረተው ሾፕቦት የተባለው ድርጅት ለትንንሽ የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚስማማ መኪና በመሸጥ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ግርብል የተባለው፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል የመቈጣጠሪያ ፕሮግራም ወጣ። ይህ ፕሮግራም አርዱዊኖ በተባለች የእጅ መዳፍ በማታህል ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ስለሆነ፣ ቀድሞ በፋብሪካ ብቻ ይገኝ የነበረው መኪና ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ዛሬ በብዛት ከሚሸጡት ትንንሽ መኪናዎች አንዱ «30-18» የሚባለው ነው፤ ስሙም የተወሰደው ከመቅረጫ ሜዳው ስፋት ማለትም ከ30 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው።

በአገራችንም የእንጨት ቴክኖሎጂ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። ተቋሙ ከባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን በአብዛኛው ከጠቅላላ ትምህርት ለይቶ ለብቻው እንዲቆም አደረገ። በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ግን የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ በጠቅላላ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ስለሆነም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች «የእጅ ሥራ በምን መሣሪያ፣ እንዴት ይሰጥ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል።

2. አሠራሩ

መኪናው ሦስት የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎች አሉት። አንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ (ኤክስ)፣ ሁለተኛው ከፊት ወደ ኋላ (ዋይ)፣ ሦስተኛው ከላይ ወደ ታች (ዜድ) ነው። በየአቅጣጫው አንዳንድ ሞተር አለ። ይህ ሞተር እንደ ተራ ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ እርምጃ እየቈጠረ ይዞራል። አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይፈጅበታል፤ መቈጣጠሪያው ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ይከፍለዋል። በመሆኑም አንድ ዙር 3,200 ትንንሽ እርምጃ ነው ማለት ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ ለ1 ሚሊ ሜትር 800 እርምጃ ያስፈልጋል። ይህን ስሌት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በማካፈል ብቻ ሊያገኘው ይችላል።

ትእዛዙ የሚጻፈው አጫጭር በሆኑ የፊደልና የቁጥር መስመሮች ነው። ለምሳሌ «ጂ1 ኤክስ100 ዋይ50 ኤፍ600» የሚለው መስመር፣ «በቀጥታ መስመር እየቈረጥህ ከመነሻው 100 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ወዳለው ነጥብ በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ሂድ» ማለት ነው። ተማሪው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚያየው የነጥብ መገኛ እዚህ ላይ በእንጨት ላይ የሚታይ ጭረት ይሆናል። የተሳሳተ ቁጥር የጻፈ ተማሪ ስሕተቱን መምህሩ ሳይነግረው በዐይኑ ያየዋል።

ፍጥነቱም በግምት የሚወሰን አይደለም። የመቅረጫው ምላጭ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞር፣ ሁለት ስል ጠርዝ ቢኖረውና እያንዳንዱ ጠርዝ በአንድ ዙር 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፍቅፋቂ እንዲያነሣ ቢፈለግ፣ ፍጥነቱ 10,000 × 2 × 0.03 ማለትም በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ ከዚህ እጅግ ቢያንስ ምላጩ እየቈረጠ ሳይሆን እያሸ ስለሚሄድ ይግላል፤ እንጨቱን ያጠቁራል። እጅግ ቢበልጥ ደግሞ ምላጩ ይሰበራል፤ ወይም ሞተሩ እርምጃ ይስታል።

እዚህ ላይ ሠልጣኞች በቅድሚያ ሊረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። መኪናው እርምጃውን ይቈጥራል እንጂ የት እንዳለ አያይም። እንጨቱ ቢንቀሳቀስ፣ ምላጩ ቢደነዝዝ፣ ቀለበቱ ቢላላ አያውቅም፤ የታዘዘውን እየቈጠረ መሄዱን ይቀጥላል። ስለሆነም የሚያየው ዐይን፣ የሚሰማው ጆሮና የሚያቆመው እጅ የሠሪው መሆን አለበት።

3. የአካባቢው እንጨትና ጠባዩ

የመኪናው መጽሐፍ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ውጭ አገር እንጨት ነው። በምዕራብ ጎጃም የሚገኘው እንጨት ግን የየራሱ ጠባይ አለው፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቀው የአካባቢው ጠራቢ ነው።

ዋንዛ፦ በማሳ ዳርና በግቢ የሚበቅል፣ ቀላልና ለመቅረጽ የሚመች፣ መልኩም ያማረ እንጨት ነው። ከጥንት ጀምሮ ሙቀጫ፣ ቀፎ፣ ከበሮ፣ በርና የቤት ዕቃ ይሠራበታል። ለመቅረጫ መኪናም ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ነገር ግን ዋንዛ እያነሰ የሄደ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከጥድና ከዝግባ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ መከልከሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ለትምህርት ሥራ አዲስ ዛፍ ከመቍረጥ ይልቅ ከበርና ከአልጋ ሥራ የተረፈ ቍርጥራጭ መጠቀም ይገባል። ትንሹ መኪና 30 በ18 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቍራጭ የሚሠራ በመሆኑ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

ወይራ፦ እጅግ ጠንካራና ከባድ ነው። መስቀልና መቋሚያ ሲሠራበት ዕድሜ ይጠግባል። ሆኖም የትንሽ መኪና ሞተር ደካማ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት፣ በዝግታ ካልተሠራ ምላጭ ይሰብራል።

ባሕር ዛፍ፦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ በገጠሩ ከሁሉ በብዛት የሚገኝ ነው። ነገር ግን በሚደርቅበት ጊዜ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ዳርና ዳሩ ከጥላ ሥር በቀስታ ካልደረቀ በስተቀር ለቀረጻ አስቸጋሪ ነው።

ግራቪሊያ፦ በየአጥሩና በየቡና ጥላው የተተከለ፣ ውብ ሥር መሰል ጌጥ ያለው እንጨት ነው። ለመሥራት አያስቸግርም፤ ሆኖም ብናኙ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስለሚያሳክክ ጥንቃቄ ያሻዋል።

የእንጨቱን ድርቀት ማወቅ ደግሞ ከዓይነቱ ያላነሰ ጥቅም አለው። ለዚህም የኩሽና ሚዛንና ምድጃ ይበቃል። አንድ ትንሽ ቍራጭ ተመዝኖ 250 ግራም ቢሆንና በዝግታ እስኪደርቅ ተጠብቆ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም 220 ግራም ቢገኝ፣ የጠፋው ውሃ 30 ግራም ነው። 30 ለ220 ሲካፈል ከመቶ 13.6 ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለው እንጨት ለቀረጻ ይደርሳል ለማለት ይቻላል፤ ከመቶ 20 በላይ ቢሆን ግን ከተቀረጸ በኋላም ቅርጹን ይለውጣል።

ከላይ መኪናው 1 ሚሊ ሜትርን በ800 እንደሚከፍል ተገልጿል። 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ ከክረምት ወደ በጋ ሲሸጋገር በመቶ 1 ብቻ ቢጠብ፣ 1.8 ሚሊ ሜትር ጠበበ ማለት ነው፤ ይህም 1,440 የመኪና እርምጃ ነው። መኪናው ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን የእንጨቱን ጠባይ የማያውቅ ሠሪ ሊመካበት አይችልም።

4. ለምሳሌ የሚሆን ሥራ፦ የፊደል እንጨቶች

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሚሠራ ሥራ ሠልጣኙ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ሲሄድ ይዞት ሊሄድ የሚችለው ቢሆን ይመረጣል። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ፊደልን ከወረቀት ገበታ ብቻ ሲማሩ ይታያል፤ ወረቀቱ ደግሞ በዝናብና በአቧራ ቶሎ ያልቃል። በእንጨት ላይ ወደ ውስጥ የተቀረጸ ፊደል ግን ሕፃኑ በጣቱ እየተከተለ ቅርጹን ይማርበታል፤ ዐይኑ ለደከመ ሕፃንም ይረዳል።

ፊደላችን 33 በ7 ማለትም 231 ነው። እያንዳንዱ እንጨት 30 በ30 ሚሊ ሜትር ስፋትና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። የመቍረጫው ምላጭ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚወስድ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል 33 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ300 በ180 ሚሊ ሜትር ሳንቃ ላይ ለመቆንጠጫ የሚሆን ጠርዝ ተትቶ 8 በ5 ማለትም 40 ፊደል ይወጣል። 231 ለ40 ሲካፈል 6 ሳንቃ ያስፈልጋል። ስድስቱ ሳንቃዎች 240 ቦታ ስላላቸው 9 ቦታ ይተርፋል፤ በእነዚህም ላይ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን የግእዝ ቁጥሮች መቅረጽ ይቻላል። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የሌለው በመሆኑ ዘጠኙ ቦታ በልኩ ይሞላል።

አሁን ወደ ዋናው የማሰብ ሥራ እንመጣለን። ኮምፒዩተሩ በራሱ ቢተው እያንዳንዱን አራት ማዕዘን ለየብቻ እየዞረ ይቈርጣል። የአንዱ ዙሪያ 4 × 33 ማለትም 132 ሚሊ ሜትር ነው። በየጊዜው 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እየተቈረጠ የመጨረሻው 1 ሚሊ ሜትር ሳይነካ ቢቀር 7 ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ለ40 ፊደል 132 × 7 × 40 = 36,960 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር ሲኬድ 62 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ነገር ግን አጠገብ ለአጠገብ ያሉት ፊደሎች ወሰን ይጋራሉ። ተማሪው ይህን ተመልክቶ ሳንቃውን እንደ ሰንጠረዥ በ9 ቁመትና በ6 አግድም መስመር ቢከፍለው፣ የቁመቱ መስመር 165፣ የአግድሙ 264 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 9 × 165 ሲደመር 6 × 264 = 3,069 ሚሊ ሜትር፤ በ7 ሲባዛ 21,483 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ 36 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይፈጃል። በአንድ ሳንቃ 26 ደቂቃ፣ በስድስቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይተርፋል። ይህን ጊዜ ያተረፈው መኪናው ሳይሆን በእርሳስና በወረቀት ያሰበው ተማሪ ነው።

ፊደሎቹን ለመቅረጽ ጫፉ የሾለ ምላጭ ይገባል። አንዱ ፊደል በአማካይ 120 ሚሊ ሜትር መስመር ቢኖረውና ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ 40ው ፊደል በ16 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ሳንቃ ምላጭ ከመለወጥ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለገባ፣ የፊደሉን ቅርጽ ከኮምፒዩተር ወደ መቅረጫ መስመር መለወጥ አስቸጋሪ አይደለም። ይሁንና ሠልጣኞች ቢያንስ ሰባቱን የ«ሀ» ቤት ፊደሎች በካሬ ወረቀት ላይ በእጃቸው ነድፈው መጀመራቸው ይመረጣል፤ የአንድ ፊደል ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል በምን ልክ እንደሚሠራ የሚያስተምረው ይኸው ነው።

የተቀረጸው ሳንቃ ከመኪናው ሲወርድ የቀረውን 1 ሚሊ ሜትር በቢላዋ ወይም በቀጭን መጋዝ መለየት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ዘይት መቀባት የእጅ ሥራ ነው። ፊደሎቹ የሚቀመጡበትን ሣጥንም ተማሪዎች በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ይሠሩታል። 10 ፊደል አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደር ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 240 ፊደል 24 ክምር ስለሆነ 6 በ4 ተደርድሮ ከውስጥ 180 በ120 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ለእጅ መላወሻ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨመርበታል። ሣጥኑ ልኩን ስቶ ከጠበበ 240 እንጨቶች ስሕተቱን ይመሰክራሉ።

5. እጅ ይቅደም ወይስ መኪና?

ይህ ጥያቄ የጽሑፉ ዋና ጉዳይ ነው። አዲስ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሁለት አደጋዎች ይከተሉታል። አንደኛው፣ መሣሪያው እንዳይበላሽ ተብሎ ተቈልፎበት ለእንግዳ ብቻ የሚታይ ጌጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው የመምህሩን ቦታ ወስዶ መምህሩ ከፋችና ዘጊ ሆኖ መቅረቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ከቀረቡበት ትችቶች አንዱ ይህ ሁለተኛው ነበር። በመቅረጫው መኪናም ይኸው እንዳይደገም ሥርዓተ ትምህርቱ ከወዲሁ ማሰብ አለበት።

ስሌቱ ራሱ መልሱን ያመለክታል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ መኪና በእኩል ቢከፋፈል ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 48 ሴኮንድ ብቻ ነው። በ48 ሴኮንድ ማንም ሰው ሙያ አይማርም። ስለሆነም ከትምህርቱ አብዛኛው ክፍል በእርሳስ፣ በማስመሪያ፣ በስኳድራና በመሮ የሚሠራ መሆን አለበት፤ መኪናው ደግሞ ተማሪዎች አስበውና ሠርተው የጨረሱትን አሳብ የሚፈትን የመጨረሻ ዳኛ ይሁን።

የእጅ ሥራ መቅደም የሚገባው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። በመሮ የቀረጸ ሰው የእንጨቱን ሥር አቅጣጫ በእጁ ያውቀዋል፤ ከሥሩ ጋር ሲሄድ እንደሚለሰልስ፣ ሥሩን ሲቃረን እንደሚቦጨቅ ተምሯል። ይህን የተማረ ሠልጣኝ ሳንቃውን በመኪናው ላይ ሲያስቀምጥ ቀጫጭኖቹ የፊደል ክፍሎች እንዳይሰበሩ በየትኛው አቅጣጫ ማጋደም እንዳለበት ያውቃል። ያልተማረው ግን ምላጩን ይወቅሳል።

በዚህ ረገድ በአካባቢው ያለው ጠራቢ ሊረሳ አይገባም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው በሚገኙ ገጠሮች መጻፍና ማንበብ ሳይማሩ በርና አትሮንስ በልኩ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መኪናው የእነርሱን እንጀራ የሚነጥቅ ሆኖ ከቀረበ ትምህርት ቤቱ የማኅበረሰቡን ዕውቀት ገፋ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ባለሙያ በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ክፍል ጋብዞ እንጨት አመራረጡንና መሮ አሳሳሉን እንዲያሳይ ማድረግ ግን ሁለቱን ያስታርቃል። ጠራቢው የሚሠራው በር አንድና ልዩ ነው፤ መኪናው የሚጠቅመው አንድ ቅርጽ 240 ጊዜ ሲደገም ነው። ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ጌጥ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የተዘጋጀ ንድፍ በአብዛኛው የውጭ አገር አበባና እንስሳ ነው። ተማሪው ይህንኑ እየቀዳ ቢለማመድ እጁ ፈጠነ እንጂ ዐይኑ አልተማረም። በአንጻሩ በመጻሕፍት ራስጌ የሚገኘው ሐረግና በመስቀሎቻችን ላይ ያለው ጥልፍልፍ በካሬ ወረቀት ላይ በቀላሉ ሊነደፍ ይችላል። አራት እኩል ክንፍ ያለውን መስቀል ለመንደፍ ሩቡን ብቻ ሠርቶ በመስተዋት እንደሚታይ ያህል ሁለት ጊዜ ማጠፍ ይበቃል። ተማሪው በዚህ ስለ ተመጣጣኝ ቅርጽ የተማረውን ሒሳብ ከአባቶቹ ጥበብ ጋር ያገናኛል።

6. ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ጥገናና ስለ ጥንቃቄ

በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ኤሌክትሪክ በሥራ መካከል ሊቋረጥ ይችላል። ከላይ እንደተገለጸው መኪናው የት እንዳለ ስለማያይ መብራት ሲመለስ ቦታውን ይስታል፤ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ሳንቃው ሊበላሽ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሳንቃው ከመቆንጠጡ በፊት በሁለት ማዕዘኖቹ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ከመኪናው ሜዳ ጋር በእንጨት ችንካር ይያያዝ፤ መነሻ ነጥቡም ከአንዱ ችንካር ይለካ። ሥራው ደግሞ እንደ አንድ ረጅም ትእዛዝ ሳይሆን እንደየጥልቀቱ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ ይጻፍ። መብራት ሲመለስ መነሻው ከችንካሩ ተለክቶ ከቀረው ክፍል መቀጠል ይቻላል።

ፕሮግራሞቹም ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ይታወሳል። ንድፉንና መቈጣጠሪያውን በኮምፒዩተሩ ውስጥ አስቀድሞ ያስገባ ወርክሾፕ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራው አይታጐልም።

ለጥገና በብዛት የሚያስፈልጉት ምላጭ፣ የሞተር ካርቦንና መቆንጠጫ ናቸው። መኪና የሚገዛ ተቋም የእነዚህን መለዋወጫ ከመኪናው ጋር አብሮ ካልገዛ፣ በመጀመሪያው የምላጭ ስብራት ትምህርቱ ይቆማል። ዘንጎቹን በየሳምንቱ ከብናኝ ማጽዳትና በቀላል ዘይት ማለስለስ ተማሪው ራሱ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው።

የደኅንነት ደንቡም የማያወላዳ ይሁን፦

ሀ/ መኪናው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ኀላፊነት ያለበት ሰው አጠገቡ ይቁም፤ የደነዘዘ ምላጭ የሚፈጥረው ሙቀት ብናኝን ሊያቀጣጥል ይችላልና።

ለ/ የዐይን መነጽርና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳይደረግ አይሠራ።

ሐ/ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽና ያልታሰረ ጠጕር ወደ መኪናው አይቅረብ።

መ/ ምላጭ የሚለወጠው መሰኪያው ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

ሠ/ የማቆሚያው ቍልፍ የት እንዳለ እያንዳንዱ ተማሪ ዐይኑን ጨፍኖ ማመልከት እስኪችል ድረስ ሥራ አይጀመር።

መደምደሚያ

ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ወጣት በቁጥር ከሚታዘዝ መኪና ጋር የሚገናኝበት ዕድል እየሰፋ መሄዱ የማይቀር ነው። እህል የሚፈጨው፣ ዘይት የሚጨምቀው፣ ዕቃ የሚያሽገው መኪና ሁሉ መጠኑ ይለያይ እንጂ የሚመራው እርምጃ በመቍጠር፣ ፍጥነት በመለካትና ስሕተትን አስቀድሞ በማሰብ ነው። በአንድ የዋንዛ ቍራጭ ላይ ይህን የተማረ ልጅ ወደ ፋብሪካ ቢገባ አይደናገጥም፤ በአባቱ ማሳ ቢቀርም በርና ሣጥን ሠርቶ ይኖራል።

ይህ እንዲሆን ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ሠልጣኙ መኪናውን ከመንካቱ በፊት መጋዝና መሮ መያዝ ይማር። ሁለተኛ፣ ከመኪናው የሚወጣው ሥራ ለገጠሩ ክፍል የሚጠቅም የትምህርት መሣሪያ ይሁን። ሦስተኛ፣ በአካባቢው ያለው ጠራቢ ከትምህርቱ ውጭ አይቅር። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ትንሹ መኪና ዋጋውን ይከፍላል፤ ካልተሟሉ ግን በቢሮ ጥግ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሚቀመጡት ዕቃዎች አንዱ ይሆናል።

ሠልጣኙ ተመርቆ ወደ ተመደበበት የገጠር ትምህርት ቤት ሲሄድ መኪናውን ተሸክሞ አይሄድም። ይዞት የሚሄደው 240 እንጨቶች ያሉበት አንድ ሣጥንና ሣጥኑን በእጁ የሠራበትን ዕውቀት ነው። ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት አንዱ ፊደል ቢጠፋባቸው፣ መምህሩ ከማገዶ ክምር አንድ የዋንዛ ፍላጭ መርጦ፣ በመሮ ቀርጾ የጐደለውን መተካት መቻል አለበት። ሥልጠናው መሳካቱም የሚታወቀው በዚህ ነው።